ስለ አሮጌው ኦሲሎስኮፕና ስለበደልናቸው ባለሙያ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የጥገና ቡድኑ ያቀረበው ንግግር)



የጥገና ቡድኑ ስድስት ነን። ወረቀቱን የምታነብላችሁ አንዳችን ብትሆንም የጻፍነው ስድስታችን አንድ ላይ ተቀምጠን ነው፤ ጥፋቱም የስድስታችን ነውና።

ዛሬ ሁለት ጉዳይ ይዘን መጥተናል። አንደኛው በማኅበሩ ብድር የገዛናቸው አሮጌ መሣሪያዎች ከምን ደረሱ የሚለው ነው። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። በመጋቢቱ ስብሰባ ላይ ስለ አንድ ባለሙያ ተናግረን ነበር። «ገንዘባችንን ሊበሉ ነው፤ ዕቃችንንም አበላሽተው መለሱልን» ብለን በፊታችሁ ከሰስናቸው። ቃላችን በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። ያልነው ነገር እውነት አልነበረም። እንዴት እንደተሳሳትን ሳንነግራችሁ ይቅርታ ብቻ ጠይቀን ብንቀመጥ ግን ነገሩ አይገባችሁም። ስለዚህ ትንሽ ታገሡን፤ ከጥሩ እንጀምር።

በጥር ወር አንድ ማሠልጠኛ ያረጁ ንብረቶቹን በጨረታ ሲያስወግድ፣ ከቁጠባችን 9,000 ብር ተበድረን ሦስት መሣሪያ ገዛን፦ አንድ ኦሲሎስኮፕ፣ አንድ አቮሜትርና አንድ ሲግናል ጄኔሬተር። ስለ ሲግናል ጄኔሬተሩ ብዙ የምንለው የለም። ፊውዙን ቀየርን፣ መዘውሮቹን በአልኮል አጸዳን፣ ሠራ። ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው ጉድ ያሳዩን። ዕቃዎቹን ተሸክመን ግቢው በር ላይ ስንደርስ ቆራሌው ቀድሞን ቆሞ ነበር። «በኪሎ ልውሰዳችሁ» አለን። ከእናንተም መካከል «ይሻላችኋል፣ ስጡት» ያላችሁ አላችሁ። አንረሳም።

ኦሲሎስኮፕ ምን እንደሆነ ለማታውቁ በአጭሩ እንንገራችሁ። ቴስተር ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚነግራችሁ። «12 ቮልት አለ» ይላል፣ በቃ። ኦሲሎስኮፕ ግን ያንኑ ኤሌክትሪክ በስክሪን ላይ ሥዕል አድርጎ ያሳያል። ሐኪም የልብ ምታችሁ በደቂቃ 72 ነው ብሎ ሲነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ያንን ከፍ ዝቅ የሚል መስመር ወረቀት ላይ አውጥቶ ሲያሳያችሁ ደግሞ ሌላ። በሥራችን ላይ ምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ብቻ፦ ምስሏ የሚንቀጠቀጥ ቴሌቪዥን ትመጣለች። ቴስተሩ 12 ቮልት በቦታው አለ ይላል። ኦሲሎስኮፑ ላይ ስናየው ግን 12 ቮልቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል ይወርዳል። እሱን ማለስለስ የነበረበት ካፓሲተር ደርቋል ማለት ነው። ካፓሲተሩ ርካሽ ዕቃ ነው። ይህን ማየት ባንችል «ቦርዱ ይቀየር» ብለን የደንበኛዋን ብዙ ብር እናስወጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ በፊት ያስወጣንባት ሴት አለች።

አዲስ ኦሲሎስኮፕ ለመግዛት ጠይቀን ነበር። የተነገረን ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆነብን። የገዛነው አሮጌው ቴክትሮኒክስ 465 ይባላል። ቴክትሮኒክስ በ1946 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኦሪጎን ግዛት የተመሠረተ ኩባንያ ሲሆን 465ን ያወጣው በ1972 ነው። ሁለት ምልክት ጎን ለጎን ያሳያል፤ እስከ 100 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። ለኛ ሥራ ይህ ከበቂ በላይ ነው። አቮሜትሩ ደግሞ ዘሩ የቆየ ነው። የመጀመሪያው አቮ በ1923 በእንግሊዝ አገር ለሽያጭ ቀረበ፤ ያወጣው ዶናልድ ማካዲ የተባለ የፖስታ ቤት መሐንዲስ ነው። በዚያን ዘመን ለአምፔር አንድ፣ ለቮልት አንድ፣ ለኦም አንድ እየተባለ የተለያየ መለኪያ ይያዝ ነበር፤ እሱ ሦስቱን አንድ ሳጥን ውስጥ አስገባቸው። «አቮ» የሚለው ስም የነዚያ የሦስቱ ቃላት መጀመሪያ ፊደል ነው። የኛው ሞዴል 8 ነው። ይህ ሞዴል በ1951 ወጥቶ እስከ 2008 ድረስ ተመርቷል። ጥቁር ከባድ ሳጥን ነው፤ ትልቅ መርፌ አለው፤ ሲለካ እንደ ምጣድ በጀርባው አጋድመን ነው የምንጠቀምበት።

የነዚህ አሮጌ ዕቃዎች ትልቁ ነገር የጥገና መጽሐፋቸው ነው። ዛሬ ስልክ ወይም ቻርጀር ብትከፍቱ ምኑ ከምን እንደተገናኘ የሚነግራችሁ የለም። የ465 መጽሐፍ ግን እያንዳንዱን ሰርኪዩት በሥዕል ያሳያል፣ እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፍ ያስረዳል፣ የትኛው ነጥብ ላይ ስንት ቮልት መገኘት እንዳለበትና የትኛዋን ማስተካከያ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደምናዞር ይናገራል። የአንዷ አባላችን ልጅ ከቨርጂኒያ አትማ በመንገደኛ ላከችልን። እንግሊዝኛው ያስቸግራል፤ ሥዕሉ ግን በየትም አገር አንድ ነው።

አሁን ወደ ብልሽቱ። ከመሰካታችን በፊት ጀርባውን አየን። የ115 ቮልትና የ230 ቮልት መምረጫ አለው። ደግነቱ ወደ 230 የዞረ ነበር፤ ለአገራችን መብራት የሚሆነው እሱ ነው። ሰካነው፣ አበራነው፤ ስክሪኑ ጨለማ። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው አዞርን፤ የለም። መስመሩ ከስክሪን ውጭ ከሄደ ጎትቶ የሚያመጣ አንድ ቁልፍ አለው፣ እሱንም ተጫንን፤ ነጥብ እንኳ አልታየችም። ያን ጊዜ ክዳኑን ለመክፈት ፈራን። ፍርሃታችን ትክክል ነበር። የዚህ መሣሪያ የስክሪን ቱቦ የሚሠራው በ18,000 ቮልት አካባቢ ነው፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቱቦውና ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ አንድ የቆዩ የራዲዮና ቴሌቪዥን ባለሙያ ጋ ወሰድነው። ስማቸውን ዛሬ አንጠራም፤ ያለአግባብ የጠራነው ይበቃል። 4,000 ብር ተስማማን፤ ግማሹን ቀድመን ከፈልን።

በአራተኛው ቀን ደወሉልን። አንዲት የምስር ፍሬ የምታክል ካፓሲተር አሳዩን። «ታንታለም ናት» አሉ። ታንታለም ካፓሲተር ትንሽ ሆና ብዙ ስለምትይዝ በዚያ ዘመን መሣሪያዎች ውስጥ በብዛት ትገኛለች። አመሏ ግን ክፉ ነው። ሌላው ካፓሲተር ሲያረጅ ቀስ እያለ ይደርቃል፣ ይደክማል። ታንታለም ስትበላሽ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ሾርት ታደርጋለች፤ የመስመሩን ኤሌክትሪክ በሙሉ ወደ መሬት ትደፋዋለች። ይህችኛዋ የ15 ቮልቱን መስመር ነበር የደፋችው። አንዱ መስመር ሲወድቅ መሣሪያው በሙሉ ተኛ። ቀየሯት። ቮልቶቹን እንዳስተካከሉ ነገሩን፤ ሲበራም በዓይናችን አየን። አረንጓዴዋ መስመር ስክሪኑ መሃል ቀጥ ብላ ስትታይ እልል ያለችም ነበረች።

ከዚህ በኋላ ያለው የኛ ሥራ ነው።

ቤታችን ወስደን፣ መጽሐፉን ዘርግተን፣ በራሳችን ዲጂታል ቴስተር ቮልቶቹን አንድ በአንድ ለካን። መጽሐፉ 55 ቮልት ያለው ላይ ቴስተራችን 59.4 አለ። 15 ያለው ላይ 16.2። 5 ያለው ላይ 5.4። 110 መሆን ያለበት 119 ደረሰ። ሁሉም ከፍ ብሏል። በዚህ መሣሪያ ላይ የ55 ቮልቱ መስመር ለሌሎቹ ማነጻጸሪያ ነው፤ እሱ ከፍ ሲል ሌሎቹም ይከተሉታል። ይህን ደግሞ ከመጽሐፉ አንብበናል። ግማሽ ዕውቀት ነው ያጠፋን ብንል አይበዛም፤ ምክንያቱም ያነበብነው ትክክል ነበር፣ ቁጥሮቹም እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። «ሰውዬው 55ቱን ሳያስተካክሉ አስተካከልኩ ብለው ዋሹን» አልን። አንዳችን «ደህናውን ዕቃ አውጥተው ሌላ ከተውበት ይሆናል» አለች። ያቺ ማን እንደነበረች አንናገርም፤ ሌሎቻችንም ዝም አላልንም፣ ጨመርንበት።

ቀሪውን 2,000 ብር ከለከልናቸው። ስልካቸውን ማንሳት ተውን። እዚህ ቆመን ተናገርን። ከስብሰባው ሲወጣ ደግሞ ወሬው ወደ ሰፈር ወረደ።

ይህም አልበቃን። በካቻቪቴ የምትዞረውን የ55 ቮልት ማስተካከያ ራሳችን አዞርን፤ ቴስተራችን ልክ 55 እስኪል ድረስ። ከዚያ በኋላ ኦሲሎስኮፑ ጤና አጣ። ፊቱ ላይ ራሱን መፈተኛ ምልክት አለው፤ በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚወጣና የሚወርድ አራት ማዕዘን ማዕበል ነው። በትክክል ሲሠራና በሚገባው ፍጥነት ስናደርገው አንዱ ማዕበል 5 ካሬ ይሸፍናል፤ ስክሪኑ 10 ካሬ ስለሆነ ሁለቱ ልክ ይሞላሉ። ባለሙያው የሰጡን ቀን ልክ ሞልተው ነበር። አሁን ግን አልገጠሙም። ይህንንም በሳቸው አሳበብን። «ይኸው፣ የሠሩት አልቆየም» አልን። ያዞርነው እኛ እንደነበርን እያወቅን ማለት ነው።

አቮሜትሩ እስከዚህ ቀን ድረስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኦም አይለካም፤ ባትሪዎቹ ሞተዋል፤ አንደኛውም አፍስሶ የባትሪ ቤቱን አረንጓዴ ዝገት አብልቶታል። ዝገቱን በኮምጣጤ በነከርነው ጥጥ ጠርገን፣ በአልኮል አጽድተን አደረቅነው። ለኦም ሁለት ባትሪ ይፈልጋል፦ የ1.5 ቮልት ድንጋይና አንድ የ15 ቮልት ባትሪ። ባለ 15 ቮልቱን መርካቶ ዞረን አጣነው። የመኪና ሪሞት ውስጥ የምትገባውን የ12 ቮልት ትንሽ ባትሪና አንዲት የ3 ቮልት ክብ ባትሪ አንድ ላይ አስረን ገባን፤ 12 እና 3 ያው 15 ነው። ሠራ። (እዚህ ላይ ለጀማሪ እህቶቻችን አንድ ነገር፦ በአቮና በብዙዎቹ ባለ መርፌ ቴስተሮች ኦም ስትለኩ ፖዘቲቩ የሚወጣው በጥቁሩ ገመድ ነው። ይህን ሳናውቅ ሁለት ደህና ትራንዚስተር ጥለናል።)

አቮው ሲነሳ ለመሞከር ያህል የ55 ቮልቱን መስመር ለካንበት። መርፌዋ 51 አካባቢ ቆመች። ዲጂታሉ 55 ይላል፣ አቮው 51። ወዲያው «አሮጌው ተበላሽቷል» አልን። አዲሱን ማመን ይቀላል፤ ቁጥሩን በነጥብ ያሳያል፣ መርፌ የለውም፣ አይንቀጠቀጥም። ሁለት ቀን በዚህ ተከራከርን።

በሦስተኛው ቀን በርበሬና ቅመም የምትሸጠው እናታችን ሻይ ይዛልን መጣች። እዚህ ተቀምጣለች፤ ስሟን ብንጠራ ስለምትቆጣ እንተወዋለን። ክርክራችንን ሰምታ «ልጆቼ፣ ሚዛኑን በምን መዘናችሁት?» አለች። አልገባንም። «እኔ ሚዛኔን ስጠራጠር» አለች፣ «ያልተከፈተ የአንድ ኪሎ ስኳር አምጥቼ እጭንበታለሁ። ስኳሩ አንድ ኪሎ መሆኑን አውቃለሁ። ሚዛኑ ሌላ ካለ የሚዋሸው ሚዛኑ ነው። እናንተ ስኳራችሁ ምንድን ነው?»

ስኳራችን ምንድን ነው? ከተነሳን እስክንቀመጥ በእጃችን የምንነካው ነገር ነበር፤ የባትሪ ድንጋይ። አዲስ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ምንም ሳይሠራበት ሲለካ ከ1.5 ትንሽ አለፍ ይላል፤ ወደ 1.6 ይጠጋል እንጂ 1.7 ሊሆን አይችልም። ውስጡ ያለው ኬሚካል አይፈቅድለትም። ከሱቅ አራት አዲስ ድንጋይ ገዛን። በአቮው ለካናቸው፤ አራቱም ከ1.6 ትንሽ ዝቅ አሉ። በዲጂታሉ ለካናቸው። 1.71። 1.70። 1.71። 1.71።

ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዳችን የዲጂታሉን ጀርባ ፈትታ የራሱን ባለ 9 ቮልት ባትሪ አወጣች። ደክሟል። አዲስ አስገባንለትና ያንኑ ድንጋይ ለካን፤ 1.58። አሮጌውን ባትሪ መለስን፤ 1.71። አዲሱን መለስን፤ 1.58። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፤ ተስፋ ያደረግነው ምን እንደሆነ እኛም አናውቅም።

ምክንያቱን የበርበሬዋ እናታችን ከኛ ቀድማ ተረዳችው። ዲጂታል ቴስተር የሚለካውን ነገር ውስጡ ካለ ማነጻጸሪያ ቮልት ጋር እያስተያየ ነው ቁጥር የሚሰጠው። እንደ ሚዛን ድንጋይ ማለት ነው። የኛን በመሰለ ርካሽ ቴስተር ባትሪው ከመጠን በላይ ሲደክም ያ ማነጻጸሪያም ይወርዳል። የሚዛን ድንጋይሽ ተፍቆ ከቀለለ የሻጩ በርበሬ የከበደ ይመስላል፤ እንደዚያው ቴስተሩም የሚለካው ሁሉ ከፍ ያለ ይመስለዋል፤ ሁሉም በአንድ መጠን። ለዚህ ነው ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው የተስማሙት። ሁሉንም በዚያው በተፋቀ ድንጋይ መዘንናቸዋ። አቮው ግን ቮልት ሲለካ ባትሪ አይጠቀምም፤ መርፌዋን የሚያንቀሳቅሳት የሚለካው ኤሌክትሪክ ራሱ ነው። ባትሪው ሞቶ ጥግ ላይ ተጥሎ በነበረበት ጊዜ እንኳ ቮልት ብንጠይቀው እውነቱን ይነግረን ነበር። አልጠየቅነውም።

ባለሙያው 55 ቮልት ብለው የሰጡን 55 ቮልት ነበር። ያበላሸነው እኛ ነን።

በማግስቱ ሄድን። ስድስታችንም ነው የሄድነው፤ አንዳችን ሌላዋን እንዳትልክ ብለን። ቴስተሩን፣ ድንጋዮቹን፣ አሮጌውን ባትሪና 2,000 ብሩን ይዘን ነበር። ሱቃቸው ውስጥ ሰው ስለነበር ውጭ ቆመን ጠበቅን። ሲጨርሱ ገብተን ነገርናቸው። ብሩን አልነኩትም። መጀመሪያ ቴስተሩን ነው የተቀበሉን። አሮጌውን ባትሪ አስገብተው አንዱን ድንጋይ ለኩ፣ አዲሱን አስገብተው ለኩ፣ ከዚያ የራሳቸውን ቴስተር አውጥተው ለኩ። «እኔም ላይ ደርሶብኛል» አሉ፤ «ግን ሰው አልከሰስኩበትም።»

ይቅርታ ጠየቅን። «ብሩን ተዉት፣ እሱ ይደርሳል» አሉን። «ከናንተ ሰፈር ዕቃ የሚያመጡልኝ ሰዎች ቀርተዋል። አንዷ ቴሌቪዥኗን ሳይጠገን መጥታ ወሰደችው። እቃ ይቀይራሉ ተባልኩ። እኔ በዚህ ሥራ ልጆች አሳድጌበታለሁ።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ብንጮህባቸው፣ ቢጮሁብን ይሻለን ነበር። ብሩን በመጨረሻ ተቀበሉ፤ አንድ ነገር ግን ጠየቁን፦ «የተናገራችሁት ስብሰባ ላይ ከሆነ፣ ስብሰባ ላይ ንገሩልኝ።» ዛሬ እዚህ የቆምነው ለዚህ ነው።

ኦሲሎስኮፑን በዚያው ሳምንት አስተካከልን። ሁለቱም ቴስተሮች በአዲስ ድንጋይ ተፈትነው ከተስማሙ በኋላ የ55 ቮልቷን ማስተካከያ መለስን። ሌሎቹ መስመሮች ሳንነካቸው ተከትለው ወደ ቦታቸው ገቡ። ሁለቱ ማዕበሎች 10ሩን ካሬ ልክ ሞሉ።

ከዚያ በግንቦት እንደገና ሞተ። አሁንም ጨለማ። ያኔ ግን ራሳችን ከፈትነው፤ እንዴት እንደጠገንነው ብንነግራችሁ ደስ ይለናል፤ በዚህኛው አናፍርምና።

ነቅለን ቆየን። ነጠላችንን፣ ሀብላችንን፣ ቀለበታችንን አውልቀን አስቀመጥን። አንዷ ስትሠራ ሌላዋ አጠገቧ ትቆማለች፤ ብቻዋን የሚከፍተው የለም። ወደ ስክሪን ቱቦው አካባቢ እጃችንን አልሰደድንም። መጀመሪያ ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪክ አለመያዛቸውን በቮልት ለካን። ከዚያ የእያንዳንዱን መስመር ኦም ወደ መሬት ለካን። የ8 ቮልት ኔጌቲቩ መስመር 2 ኦም እንኳ አልሞላም። ሾርት አለ። ችግሩ በዚያ መስመር ላይ ብዙ ታንታለም መኖሩ ነው፤ ሁሉም በአንድ መስመር ስለተያያዙ የትኛውን ብትለኪ ያንኑ 2 ኦም ነው የምታገኚው። እያንዳንዱን ነቅሎ መሞከር ይቻላል፤ ግን የዚህ ዕድሜ ቦርድ ደጋግመሽ ስታሞቂው የመዳብ መስመሩ ይላጣል።

ስለዚህ አንድ የባትሪ ድንጋይ በ10 ኦም ሪዚስተር በኩል ወደ መስመሩ አገናኘን። መስመሩ ኔጌቲቭ ስለሆነ የድንጋዩን ኔጌቲቭ ጫፍ ወደ መስመሩ፣ ፖዘቲቩን ወደ መሬት አደረግን። በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሌላውን ዕቃ አይጎዳም። ያ ኤሌክትሪክ ግን በመዳቡ ላይ ወደ ሾርቱ ይፈሳል፤ እንደ ውኃ። ቴስተሩን በሚሊቮልት አድርገን፣ አንዱን ጫፍ መሬት ላይ አስረን፣ በሌላው ጫፍ መስመሩን ተከተልነው። ወደ ሾርቱ ስንጠጋ ቁጥሩ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል። አንዲት ካፓሲተር እግር ላይ ከሁሉም ያነሰ ሆነ። እሷን አልፈን ስንሄድ መቀነሱ ቆመ። አንዷን ብቻ ነቀልን። መስመሩ ጤነኛ ኦም አሳየ። በመላው ቦርድ ላይ የሶልደር ብረት የነካነው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው።

አዲሷን ስናስገባ ደግሞ ልንሳሳት ነበር። በተለመደው ቆርቆሮ ካፓሲተር ላይ የሚሠመርበት ኔጌቲቩ ነው፤ በታንታለም ላይ ምልክት የሚደረግበት ግን ፖዘቲቩ ነው። አገላብጠሽ ካስገባሻት ትፈነዳለች። ከሦስታችን ሁለታችን አገላብጠን ይዘናት ነበር፤ ሦስተኛዋ ነች ያዳነችን።

የጠገንነውን ለባለሙያው ወስደን አሳየናቸው። ሶልደሩን በአጉሊ መነጽር አዩት። «ትንሽ በዝቷል» አሉ። ከዚህ በላይ አላሉም፤ ሰኞ ግን አንድ አምፕሊፋየር ይዘው እኛ ጋ መጡ፤ ኦሲሎስኮፕ የላቸውም።

ለሥራ የሚያሳስበን አንድ ነገር አለ። ኦሲሎስኮፑ የሚለካበት ገመድ ላይ ያለችው ጥቁር መቆንጠጫ በውስጥ በኩል ከሶኬቱ ኧርዝ ጋር የተገናኘች ናት። እሷን በቀጥታ ከመብራት ጋር ባልተለየ የቴሌቪዥን ወይም የቻርጀር ክፍል ላይ ብትቆነጥጡ የመብራቱን መስመር ከመሬት ጋር ሾርት ታደርጋለች። ገመዱ ይነዳል፤ የያዘችውም ሴት ትጎዳለች። አንዳንዱ ሰው ይህን ለማምለጥ የኦሲሎስኮፑን የኧርዝ እግር ይቆርጣል። ያ የባሰ ነው፤ ያን ጊዜ የመሣሪያው ብረት ሁሉ መብራት ይይዛል። መፍትሔው የሚጠገነውን ዕቃ በመለያ ትራንስፎርመር በኩል መሰካት ነው። ትራንስፎርመሩ የለንም። እስክንገዛው ድረስ ኦሲሎስኮፑን በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ላይ ላለመጠቀም ስድስታችን ተስማምተናል፤ ሌላ አባል መጥታ «አንዴ ብቻ» ብትለንም እምቢ እንላታለን፤ አትቀየሙን።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ በመጋቢቱ ቃለ ጉባኤ ስለ ባለሙያው ያሰፈርነው ክስ ሐሰት መሆኑ በዛሬው ቃለ ጉባኤ እንዲጻፍና አንድ ቅጂ በማኅበሩ ማኅተም እንዲሰጣቸው ነው። ሁለተኛው፣ ወሬውን ከኛ ሰምታችሁ ለሌላ ሰው የነገራችሁ ካላችሁ፣ ለዚያው ሰው ይህንንም እንድትነግሩልን ነው። ቴሌቪዥኗን መልሳ የወሰደችውን ሴት የምታውቋት ካላችሁ ለኛ አመልክቱን፤ እኛው እንሄዳለን። ሦስተኛው የገንዘብ ነው። ከብድሩ እስካሁን 5,500 ብር መልሰናል፤ ቀሪውን እስከ መስከረም እንጨርሳለን። ለመለያ ትራንስፎርመሩ አዲስ ብድር አንጠይቅም፤ ከገቢያችን ቆጥበን እንገዛለን። ጊዜ ብቻ ስጡን።

ሁለቱን ቴስተሮች ይዘናቸው መጥተናል፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። በዲጂታሉ ጀርባ ባትሪው የተቀየረበትን ቀን በፕላስተር ለጥፈንበታል። ከእጅ ባትሪያችሁ ወይም ከራዲዮናችሁ ያወጣችሁትን ድንጋይ ብታመጡ በሻይ ሰዓት እንለካላችኋለን፤ ለመጣል የቸኮላችሁበት ገና የሚሠራ ሊሆን ይችላል። የመጋቢቱ ቃለ ጉባኤ ሰብሳቢያችን እጅ ላይ ነው፤ ከሻይ በፊት ድምፅ እንዲሰጥበት እንለምናለን። ባለሙያው ዛሬ አልመጡም፤ ጋብዘናቸው ነበር፤ «ወረቀቱን ብቻ ላኩልኝ» ብለዋል።